የፊፍዝ ዊል ሂች በፒክአፕ ካሶኒ ውስጥ የሚታሰርበትን መትከያ እንዴት እንምረጥ

ፊፍዝ ዊል የሚባለው ተሳቢ የሚያያዘው ከፒክአፑ ጀርባ ከሚገኝ መጎተቻ ጋር ሳይሆን በካሶኒው ውስጥ ከሚቆም ሂች ከተባለ ማያያዣ ጋር ነው። ከተሳቢው አፍንጫ ወደ ታች የሚወርደው፣ ኪንግ ፒን የተባለው ባለ 2 ኢንች ፔርኖ በሂቹ መንጋጋ ውስጥ ገብቶ ይቆለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ተሳቢው ወደ ኋላ የሚጎትተውም፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት የሚገፋውም፣ ወደ ታች የሚጫነውም ኃይል ሁሉ በዚያች አንዲት ነጥብ በኩል ያልፋል። ስያሜው ከሠረገላ ዘመን የመጣ ነው፤ የፊተኛው አክስል ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር እንዲችል ከላዩ በአግድም ይቀመጥ የነበረው ክብ ብረት ከአራቱ መንኮራኩሮች ቀጥሎ አምስተኛ ተብሎ ተቆጠረ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሂች ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው የሂቹን ራስ ነው፤ መንጋጋው እንዴት እንደሚዘጋና የመጎተት አቅሙ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከሥሩ ያለውን መትከያ ግን ከሂቹ ጋር እንደሚመጣ ተጨማሪ ዕቃ ያየዋል። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ሂች በሌላ ሂች ይለወጣል፤ ከሻንሲው ጋር የታሰረ መትከያ ግን በአብዛኛው መኪናው እስኪሸጥ ድረስ እዚያው ይኖራል። ከዚህም በላይ የካሶኒው ወለል ስስ ቆርቆሮ ስለሆነ ይህን ሁሉ ኃይል ብቻውን ሊይዝ አይችልም፤ ማንኛውም መትከያ፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ወለሉን አልፎ ሻንሲውን መጨበጥ አለበት። ወለሉን ብቻ በሮንዴላና በዳዶ ጨብጦ የቆመ ሂች ካዩ ተሳቢ እንዳያስሩበት።

በመጀመሪያ ክብደቱን ያስሉ

የፊፍዝ ዊል ተሳቢ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን፣ በአብዛኛው 20 በመቶ ገደማውን፣ በፔርኖው በኩል በፒክአፑ ላይ ያሳርፋል። ይህ ክብደት የሚታሰበው ከመኪናው የመጎተት አቅም ላይ ብቻ ሳይሆን ተሳፋሪና ዕቃ ከሚቆጠሩበት የመሸከም አቅም ላይም ጭምር ነው። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ በበሩ ምሰሶ ላይ የሚያገኙት ተለጣፊ፣ ተሳፋሪና ጭነት በአንድነት ሊያልፉት የማይገባውን ክብደት ይናገራል፤ የሚታመነውም ይኸው ቁጥር ነው።

አንድ ተሳቢ ሙሉ ጭነቱን ይዞ 5,400 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 20 በመቶው 1,080 ኪሎ ነው። ሂቹና መትከያው 90 ኪሎ፣ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጡት አራት ሰዎች 300 ኪሎ፣ መሣሪያና ልዩ ልዩ ዕቃ 60 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 1,530 ኪሎ ይደርሳል። በተለጣፊው ላይ የተጻፈው 1,400 ከሆነ ሞተሩ ተሳቢውን የመጎተት ጉልበት ቢኖረውም እንኳ መኪናው ከልኩ በላይ ተጭኗል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም መትከያ አያስተካክለውም። የኋላ አክስሉና ጎማዎቹም የየራሳቸው ልክ አላቸውና እነሱንም ያንብቡ። በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የፔርኖ ክብደት ብዙ ጊዜ ተሳቢው ባዶውን ሳለ የተወሰደ መሆኑን አይርሱ፤ ዋናው የዕቃ ማስቀመጫ በአፍንጫው በኩል በሆነ ተሳቢ ላይ ጭነቱ በገባ ቁጥር ይህ ክብደት በፍጥነት ይጨምራል።

ከጋቢናው እስከ ፔርኖው ያለው ርቀት

የፔርኖው መሃል ከኋላ አክስሉ ትክክል በላይ ወይም ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ፊት ቀደም ብሎ መዋል አለበት። ከአክስሉ ወደ ኋላ ካለፈ ክብደቱ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ የፊት ጎማዎች ይቀልላሉ፣ መሪውም መንገዱን በደንብ አይዝም። ስለዚህ ሂቹን እንደልብ ወደ ኋላ ገፍቶ ለጋቢናው ቦታ መስጠት አይቻልም፤ አጭር ካሶኒ ላለው ሰው ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ርቀቱን በሜትር ለክተው ያረጋግጡ እንጂ በግምት አይለፉት። ከኋላ ጎማው መሃል በቀጥታ ወደ ላይ ወጥተው በስፖንዳው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ከምልክቱ እስከ ጋቢናው ጀርባ ያለውን ይለኩ። ከዚያ የተሳቢውን ሁለት ቁጥሮች ይያዙ፦ የስፋቱን ግማሽና ከፔርኖው ወደ ፊት የሚወጣውን የአፍንጫ ርዝመት። ስፋቱ 240 ሴንቲሜትር፣ አፍንጫው ደግሞ ከፔርኖው 50 ሴንቲሜትር የሚወጣ ተሳቢ ብንወስድ፣ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ወደ ጋቢናው የሚዞረው ጎኑ ስለሆነ የሚያስፈልገው 120 ሴንቲሜትር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ተሳቢው ወደዚያ ከመድረሱ በፊት ማዕዘኑ በጋቢናው ጀርባ ያልፋል፤ ከፔርኖው እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት ደግሞ 120 በ120 ሲባዛ 14,400፣ 50 በ50 ሲባዛ 2,500፣ ድምሩ 16,900፣ የዚህም ካሬ ሥር 130 ሴንቲሜትር ነው። ብዙዎች የጋቢናቸውን የኋላ መስታወት የሚሰብሩት ይህችን 10 ሴንቲሜትር ባለማሰብ ነው። ማዕዘኖቹ ክብ ሆነው የተሠሩ ተሳቢዎች ከዚህ ባነሰ ቦታ ይዞራሉ፤ ቢሆንም ከሒሳቡ ውጤት ላይ ለመወዛወዣ የሚሆን ትርፍ ቦታ መተው ተገቢ ነው።

8 ጫማ ርዝመት ባለው ካሶኒ ላይ የማይንቀሳቀስ ሂች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። 6 ጫማ ተኩል ገደማ ወይም ከዚያ ባጠረ ካሶኒ ላይ ግን ተንሸራታች ሂች ሊያስፈልግ ይችላል። በእጅ የሚሠራው ዓይነት፣ ሾፌሩ ወርዶ መቆለፊያውን ከለቀቀ በኋላ ለጠባብ ቦታ ወደ ኋላ የሚንሸራተት፣ ወደ መንገድ ሲወጡ ደግሞ ወደ ቦታው ተመልሶ የሚቆለፍ ነው። በራሱ የሚንሸራተተው ተሳቢው ሲታጠፍ አብሮ ስለሚንቀሳቀስ መውረድን አይጠይቅም፤ በአንጻሩ ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፣ ከተሳቢው በኩልም ፔርኖውን ከሂቹ ራስ ጋር አጣብቆ የሚያዞር ሰሌዳ ይፈልጋል። መትከያ ከመግዛትዎ በፊት የሚፈልጉት ተንሸራታች በላዩ እንደሚቀመጥ ያረጋግጡ፤ ሁሉም በሁሉም ላይ አይሄድም።

መትከያዎቹ

የቆየውና በሰፊው የሚታወቀው ከወለሉ በላይ የሚቀመጠው ሐዲድ ነው። ሁለት የብረት ሐዲዶች ካሶኒውን አቋርጠው ይጋደማሉ፤ ከወለሉ በታች ባሉ ማቀፊያዎች አማካይነት በቡሎን ከሻንሲው ጋር ይታሰራሉ፤ የሂቹ እግሮች በሐዲዶቹ ቀዳዳዎች ገብተው በፒን ይያዛሉ። ትልቁ ጥቅሙ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ በአብዛኞቹ አምራቾች ዘንድ አንድ መሆኑ ነው፤ ዛሬ የአንዱን ሂች፣ ነገ የሌላውን ማስቀመጥ ይቻላል። ጉዳቱ ደግሞ ሂቹ ከወጣ በኋላም ሐዲዶቹ ከወለሉ ከፍ ብለው መቅረታቸው ነው፤ አካፋ ይገታሉ፣ ጣውላ ሲገፋ ይይዛሉ፣ ውኃና አፈር ሥራቸው ይጠራቀማል። ተሳቢውን ወቅቱን በሙሉ ለሚጎትትና ካሶኒውን ለሌላ ሥራ ብዙ ለማይፈልግ ሰው ይህ ጉዳት ከቁም ነገር አይገባም።

ሐዲድ የመረጠ ሰው ማቀፊያውን ለመኪናው ሞዴልና ዓመተ ምርት ተለይቶ የተሠራውን እንዲገዛ አጥብቄ እመክራለሁ። እንዲህ ያለው ማቀፊያ በአብዛኛው በሻንሲው ላይ ቀድሞ ባሉት ቀዳዳዎች ይታሰራል። ለሁሉም ይሆናል የሚባለው ግን ሻንሲውን መብሳት ሊጠይቅ ይችላል። የመኪናው አምራች ካልፈቀደ በቀር ሻንሲ መብሳትም ሆነ በሻንሲ ላይ መበየድ ብረቱን ያደክማል፤ ስንጥቁ የሚታየውም ከብዙ ጉዞ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ከፋብሪካ የሚመጣው የፓክ መትከያ ነው። ፎርድ፣ ጂኤምና ራም ለከባድ ፒክአፖቻቸው በአማራጭ በሚያቀርቡት በዚህ ዝግጅት፣ ከወለሉ በታች ያለው አግዳሚ ብረት ገና መኪናው ሲሠራ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። ወለሉ ላይ የሚታዩት ፓክ የሚባሉት በክዳን የሚዘጉ አራት ቀዳዳዎችና በመሃል ያለው፣ ጉዝኔክ ለተባለው በካሶኒው ውስጥ በኳስ ላይ ለሚያርፍ ሌላ ዓይነት ተሳቢ የሚሆነው የኳስ ማስገቢያ ናቸው። የሂቹ እግሮች በአራቱ ገብተው በመያዣዎቻቸው ይቆለፋሉ፤ ሂቹ ሲወጣ ወለሉ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናል። አዲስ መኪና የሚያዝ ሰው፣ ወደፊት ተሳቢ የመግዛት ሐሳብ ካለው፣ ይህን ዝግጅት ከጅምሩ ቢያስገባ ከሁሉ የተሻለ ውሳኔ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የቀዳዳዎቹ ርቀት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ለአንዱ መኪና የተሠራ ሂች በሌላው ላይ እንደማይገባ ማወቅ ያስፈልጋል። በሐዲድ ላይ ብቻ የሚቀመጥን ሂች ፓክ ባለው መኪና ላይ ለማሰር የሚያስችል ማሸጋገሪያም አለ፤ ነገር ግን ክብደትና ከፍታ ይጨምራል።

ሦስተኛው በጉዝኔክ ኳስ ቀዳዳ ላይ የሚቆመው ነው። ከወለሉ በታች አንድ ጠንካራ መዋቅር ይታሰራል፣ ወለሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ይወጣል፣ የሂቹ መቀመጫም በዚያ ቀዳዳ በሚገባ ምሰሶ ወደ ታች ተስቦ ይጠብቃል፤ አራት እግሮቹ ወለሉ ላይ ይደገፋሉ። ጉዝኔክ ተሳቢም ፊፍዝ ዊልም ለሚጎትት ሰው ከዚህ የተመቸ የለም። መቀመጫው ግን ከባድ ስለሆነ ለብቻ የሚያነሣ ሰው ሁለት ቦታ የሚከፈለውን ይፈልግ። በአሉሚኒየም የተሠሩና ከኳሱ ጋር የሚታሰሩ፣ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ የማያልፍ ሂቾችም አሉ።

ፔርኖውን ራሱን በማራዘሚያ ወደ ጉዝኔክ ለውጦ በቀጥታ ኳሱ ላይ ማሳረፍ የሚያጓጓ አቋራጭ ነው፤ እኔ ግን አልመርጠውም። ፔርኖው ወደ ታች በረዘመ ቁጥር እንደ ረጅም ዘንግ የተሳቢውን ሻንሲ ይጠመዝዘዋል። የተሳቢዎ ሻንሲ አምራች ይህን ማራዘሚያ በጽሑፍ ካልፈቀደ ዋስትናው ሊቀር ይችላል።

የትኛውንም ቢመርጡ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው ኤስኤኢ ባወጣው ጄ2638 በተባለው መመዘኛ የተፈተነ መሆኑን ይጠይቁ፤ መመዘኛው እስከ 13,608 ኪሎ ለሚደርሱ የፊፍዝ ዊልና የጉዝኔክ ተሳቢዎች ማያያዣ የወጣ ነው። ማቀፊያው፣ ሐዲዱ፣ ሂቹና መኪናው የተለያየ አቅም ከተጻፈባቸው የሚሠራው ዝቅተኛው ቁጥር ነው።

ሲተከል ልብ የሚባሉ ነገሮች

ወለሉን በትራፓኖ ከመብሳትዎ በፊት ከሥሩ ገብተው ሰልባቲዮውን፣ የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎችን፣ ሽቦዎችንና ማርሚታውን ይመልከቱ። የተበሳውን ጠርዝ ቀለም ይቀቡት፤ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ እንዳሉት የፎርድ ኤፍ 150ዎች ካሶኒያቸው አሉሚኒየም በሆነ መኪናዎች ላይ ብረቱ አሉሚኒየሙን በቀጥታ እንዳይነካ በመካከል መለያ ማስገባት ያስፈልጋል። ተነቃይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ካለ በሐዲዱ ሥር ያለው ክፍል ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ከሁሉ በላይ የማሳስበው በወለሉና በማቀፊያው መካከል የሚገባውን ድጋፍ ነው። የካሶኒ ወለል ወጣ ገባ ሸንተረር አለው፤ በሸንተረሩ ሥር ባዶ ነው። ድጋፉ ሳይገባ ቡሎን ቢጠብቅ ቆርቆሮው ቀስ እያለ ይጨፈለቃል፣ በተጨፈለቀው ልክም ቡሎኑ ይላላል። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው በተከለው መትከያ ሥር ገብቼ ዳዶውን በጣቴ ሳዞረው ዞረልኝ፤ በላዩ ያለው ሸንተረር እንደ ተረገጠ ጣሳ ጠፍጥፎ ነበር፤ ድጋፎቹ ከነከረጢታቸው ከሾፌሩ መቀመጫ ጀርባ ተገኙ። ቡሎኖቹን መመሪያው በሚያዘው ልክ፣ ልክ በሚያሳይ ቁልፍ ያጥብቁ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላም ደግመው ይፈትሹ።

ተሳቢው ሲታሰር በአግድም ቀጥ ብሎ መቆም፣ በስፖንዳው ጫፍና በተሳቢው አፍንጫ ሥር መካከል ደግሞ 15 ሴንቲሜትር ገደማ መቅረት አለበት። ከዚያ ወደ ሰፊና ደልዳላ ሜዳ ይውሰዱት። አንድ ሰው ከጎን ቆሞ በጋቢናውና በማዕዘኑ መካከል ያለውን ክፍተት እየተመለከተ፣ በእርምጃ ፍጥነት ወደ አንድ ወገን እያጠፉ ይሂዱ፤ ክፍተቱ አንድ ጋት ሲቀረው ያቁሙ፤ ከመስታወት የሚታየውን የተሳቢውን ጎን ልብ ብለው ይመልከቱ። በሌላው ወገንም እንዲሁ ያድርጉ። ወደ ኋላ ሲነዱ ከዚያ በላይ እንዳያጥፉ የሚነግርዎት ምልክት ይኸው ነው።