ባለ ሽቦ ማዳመጫዬን ከታይፕ ሲ ስልክ ጋር ያስማማሁበት መንገድ

አዲሱ ስልኬ ክቡ የኢርፎን ቀዳዳ የለውም። ያለው ከታች ያለችው ታይፕ ሲ ብቻ ናት። የድሮ ማዳመጫዬን ደግሞ እወደዋለሁ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ቻርጅ አለቀ አላለቀ የሚባል ነገር የለበትም። ስለዚህ መገናኛ ሄጄ አጭር አዳፕተር ገዛሁ።

ሰካሁት። ዝም! ዘፈኑ በስልኩ ስፒከር መጮሁን ቀጠለ። ማዳመጫው ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩት፤ ኩልል ብሎ ይሰማል።

ችግሩ ወዲህ ነው። የታይፕ ሲ አዳፕተሮች መልካቸው አንድ ቢሆንም ሁለት ዓይነት ናቸው። የአንደኛው ውስጥ ሽቦ ብቻ ነው፤ የሚሠራው ስልኩ ራሱ አናሎግ ድምፅ (ማዳመጫው በቀጥታ የሚያሰማውን የኤሌክትሪክ ሞገድ) በታይፕ ሲ በኩል የሚያወጣ ከሆነ ነው። ሁለተኛው ዳክ የምትባል ትንሽ ቺፕ አለችው። ከስልኩ የሚመጣውን ዲጂታል (በቁጥር የተጻፈ) ድምፅ ወደ አናሎግ የምትቀይረው እሷ ናት። የእኔ ስልክ የሚያወጣው ዲጂታል ብቻ ነው፤ የገዛሁት ግን ሽቦ ብቻ ያለውን ነበር።

ተመልሼ "ዳክ ያለው" ብዬ ጠየቅኩ። ብር ከመክፈሌ በፊት እዚያው ሰክቼ ሞከርኩት፤ ሠራ! ማሸጊያው ላይ ዳክ የሚል ጽሑፍ ወይም 24 ቢት፣ 96 ኪሎኸርዝ የመሰለ የድምፅ ጥራት ቁጥር ካለ ጥሩ ምልክት ነው።

ማይክም የምትፈልጉ ከሆነ የማዳመጫውን ጫፍ እዩት። አብዛኛውን ጊዜ 3 ቀለበት ያለው ማይክ አለው፤ 2 ከሆነ ለመስማት ብቻ ነው። አንዳንድ ስልኮች ላይ ደግሞ ሴቲንግ ገብታችሁ ኦቲጂን (ስልኩ ታይፕ ሲ ላይ ከሚሰካ ዕቃ ጋር እንዲሠራ የሚያደርገውን) ካልከፈታችሁ ትክክለኛው አዳፕተርም ዝም ይላል።