የአልጂኔት ጄል ብክለቱን አልይዝ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ከአልጂኔት (ከባህር አረም ከሚወጣ ንጥረ ነገር) የሃይድሮጄል፣ ማለትም ውሃ ያዘለ ጄል፣ እንክብል ሠርታችሁ ከውሃ ውስጥ እርሳስ ወይም ክሮሚየም ለማውጣት ስትሞክሩ ውጤቱ እምቢ ካለ፣ ጄሉን ከመጣላችሁ በፊት ውሃውን መርምሩ።

እንክብሉ ምንም አልያዘም

መጀመሪያ ቻርጁን (የኤሌክትሪክ ሙሉን) እዩ። አልጂኔት አሉታዊ ቻርጅ አለው። እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ መዳብን ይስባል። ክሮሚየም 6 (አንዱ የክሮሚየም ዓይነት) ግን ውሃ ውስጥ ክሮሜት ሆኖ ስለሚገኝ እሱም አሉታዊ ነው፤ ይገፋፋሉ። ፍሎራይድም እንደዚያው። የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውሃ በተራ አልጂኔት ለማጣራት መሞከር ድካም ብቻ ነው። ለፍሎራይድ ጄሉ ውስጥ እንደ አሉሚኒየም ወይም ዚርኮኒየም ያለ ብረት መግባት አለበት። ለክሮሚየም 6 ደግሞ ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ንጥረ ነገር) ይሻላል። እሱ በደንብ የሚይዘው አሲድነት ባለው ውሃ ነው፤ ችግሩ፣ አሲድ ራሱን ካይቶሳንን ያሟሟዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ በግሉታራልዲሃይድ (ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ በሚያያይዝ ኬሚካል) አስተሳስሩት።

ቻርጁ ትክክል ሆኖም ካልያዘ ፒኤች (የውሃውን የአሲድነት ልክ) ለኩ። ከ3 በታች ከሆነ የሃይድሮጅን አየን የእርሳሱን ቦታ ይሻማል። 5 አካባቢ አድርጉት።

ውጤቱ ከመጠን በላይ አማረ

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ደስ ስለሚል ማንም አይጠራጠረውም። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን ውሰዱ፤ ሞጆ አካባቢ የዚህ ዓይነት ፋብሪካ ብዙ ነው። ለቆዳ ማልፊያ የሚገባው ክሮሚየም 3 ነው። ፒኤቹ ወደ 7 ሲጠጋ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። መሣሪያው ላይ ክሮሚየም ጠፋ ይላችኋል፣ እናንተም ጄሉ ያዘው ትላላችሁ። ጄሉ ግን አልነካውም፤ ክሮሚየሙ ቢከሩ (የላብራቶሪ ብርጭቆው) ግርጌ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ተኝቷል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ጄል የሌለበት ሌላ ቢከር አዘጋጁ። ውሃው፣ ፒኤቹ፣ ሰዓቱ አንድ ይሁን። ልዩነታቸው ብቻ ነው የጄሉ ሥራ። ይህ የሌለበትን ውጤት አልቀበልም።

እንክብሉ ተበተነ

አልጂኔቱን አያይዞ ያቆመው ካልሲየም ወጥቷል። ፎስፌት ወይም ሲትሬት ባፈር (ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ውህድ) ተጠቅማችሁ ከሆነ እሱ ነው፤ ተዉት። ጨው የበዛበት ውሃም እንደዚሁ ያደርጋል። አዲስ ስትሠሩ እንክብሉን ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ አሳድሩት።

በጣም ይዘገያል

እንክብሉ ትልቅ ነው፣ ብረቱ እስከ መሃል ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል። እንክብሉን ስታንጠባጥቡ ቀጭን መርፌ ተጠቀሙ።

እንክብሉ ሁለተኛ ጊዜ ስትጠቀሙበት ደከመ

የያዘውን እርሳስ ለማስለቀቅ በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ስታጥቡት ከእርሳሱ ጋር ካልሲየሙም ይወጣል። በንጹህ ውሃ አለቅልቃችሁ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ መልሱት።

ያጠባችሁበትን አሲድ ግን ሲንክ ውስጥ እንዳትደፉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለእርሳስ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም ነው፤ ከብዙ ሊትር ያወጣችሁት እርሳስ አሁን እዚያች አሲድ ውስጥ ተጠራቅሟል። በጠርሙስ ከድናችሁ ምን እንደያዘ ጽፋችሁበት ለአደገኛ ቆሻሻ አስረክቡት፣ ያረጀውንም እንክብል ጭምር።