ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤታቸው ሄደን ስንጎበኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ነርስ አረጋውያን ቤት የምትቆየው ቢበዛ አንድ ሰዓት ያህል ነው። የቀረውን ቀንና ሌሊት ብቻቸውን ነው የሚገፉት። የጉብኝት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ያቺን ሰዓት ብቻ ከማሰብ ነው።

"ደህና ነኝ" የሚለውን ይዞ መውጣት። ብዙዎቹ ችግራቸውን የሚደብቁት ሰው ላለማስቸገር ነው፤ ከቤታቸው እንዳይወሰዱ የሚፈሩም አሉ። "ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሡ ጀምሮ እንዴት ዋሉ?" ብላችሁ ጠይቁ። ምን እንደበሉ፣ ማን እንደደወለላቸው፣ ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደተነሡ በጨዋታው መሀል ይወጣል።

የደም ግፊትን ተቀምጠው ሳሉ ብቻ መለካት። ይህ በጣም ያሳስበኛል። መዝገቡ ላይ ጥሩ ቁጥር ይጻፋል፤ ሰውየው ግን ሌሊት ከአልጋ ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልምባቸዋል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያህል ተጋድመው ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይደገም። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪማቸው ንገሩ። ምክንያቱ ውሃ ማነስ ሊሆን ይችላል፤ የግፊት ወይም የሚያሸና መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። ስትለኩ አጠገባቸው ቁሙ፤ ካዞራቸው ወዲያው አስቀምጧቸው።

የመድኃኒቱን ዝርዝር ከካርድ ላይ ብቻ ማንበብ። አስፈቅዳችሁ በቤቱ ያለው መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ፤ መሳቢያ ውስጥ ያለውም፣ ራስጌ ያለውም። አንዱ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ተገዝቶ እጥፍ ሲወሰድ የሚታየው ያኔ ነው። ያለ ማዘዣ የተገዛ ማስታገሻም ይገኛል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ፣ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ደግሞም ክዳኑን እሳቸው ራሳቸው ይክፈቱት። "አልወስድም ይላሉ" ከሚባሉት መካከል ጣታቸው ክዳኑን መክፈት ያቃተው አሉ። በራሳችሁ ግን ምንም አታስቁሙ፤ ያዘዘውን ሐኪም አነጋግሩ።

ድንገት የመጣ ግራ መጋባትን "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ። የመርሳት በሽታ በአብዛኛው በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ መዘባረቅ ከጀመሩ፣ ወይም ከወትሮው የተለየ ድብታ ከያዛቸው፣ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ መድኃኒት ይጠርጠር። ትኩሳት የለም ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚህ ዕድሜ ከባድ ኢንፌክሽንም ያለ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። አብሯቸው የሚኖር ስለሌለ ለውጡን የምታዩት እናንተ ብቻ ልትሆኑ ትችላላችሁ። በዚያው ቀን ሐኪም ይያቸው።

ስለ መውደቅ ጠይቆ ስለ መነሣት አለመጠየቅ። ወለል ላይ ለረጅም ሰዓት መቅረት ጡንቻን፣ ቆዳንና ኩላሊትን ይጎዳል። ቢወድቁ ስልኩን ወለል ላይ ሆነው ይደርሱበታል? ቁልፉስ ከማን ጋር ነው?

እሳቸው እያሉ ከልጃቸው ጋር ብቻ ማውራት። ጥያቄው ለእሳቸው ይሁን፤ ልጅ የሚጨምረው ካለ በኋላ ይጨምር።

ቀጠሮን በደፈናው መተው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስማችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን በትልልቅ ፊደል ጽፋችሁ ተዉላቸው። የምትቀሩ ከሆነ ደውሉ። ሌላ ነርስ የምትተካችሁ ከሆነም ስሟን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ለማያውቀው እንግዳ በር መክፈት ሊለምድ አይገባም።