የጓንዡ የሌሊት ላሚየን ቤት፦ ሐበሻ የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ የሄደ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ጅምላ ገበያ ሲዞር ይውላል። ሲመሽ ካርጎ ቤት ጎራ ይላል። ሆዱ ትዝ የሚለው ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሺያውቤይ ሰፈር በዚህ ሰዓት የሚበላ አይጠፋም፤ ለኪስም ለሆድም የሚስማማው ግን ላሚየን ቤት ነው። ሊጡ ዓይናችሁ እያየ በእጅ ተጎትቶ ኑድል ይሆናል፣ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ቆይቶ ፊታችሁ ይቀርባል። ብዙ ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ በጣቱ ጠቁሞ ይቀመጥና የመጣለትን ይበላል። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሥጋ ከሌለው የጾም ነው ማለት

ትልቁ ይሄ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ነው፤ ጾመኛው «ሥጋ አታድርግበት» ይላል። አስተናጋጁም እሺ ብሎ ከላይ የሚጣሉትን ስስ የሥጋ ቁራጮች ያስቀራል። መረቁ ግን የበሬ አጥንትና ሥጋ ለሰዓታት የተቀቀለበት ነው! ጠርቶ ስለሚታይ ሰው ይሸወዳል። እንዲያውም መጥራቱ የሙያ መለኪያ ነው። የምግቡ መነሻ የሆነችው የላንዡ ከተማ ሰዎች ጥሩ ሳህንን በአምስት ነገር ይለያሉ፦ የጠራ መረቅ፣ ነጭ ራዲሽ፣ ቀይ የበርበሬ ዘይት፣ አረንጓዴ የድንብላልና የነጭ ሽንኩርት ቅጠል፣ ቢጫ ኑድል።

ቢጫውን አይቶ «እንቁላል አለበት» የሚልም አለ። ቀለሙ የሚመጣው ሊጡ እንዲሳብ ከሚጨመርበት አልካሊ (ሶዳ መሰል ነገር) ነው። ድሮ ከበረሃ ቁጥቋጦ አመድ ያወጡት ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው ፋብሪካ ያዘጋጀው ነው።

የሚጾም ሰው መረቁን ይተወው። ብዙዎቹ ቤቶች በቀጭኑ የተከተፈ ድንች ከቃሪያ ጋር ጠብሰው ሩዝ ላይ ያቀርባሉ። «ቡ ያው ሮው፣ ቡ ያው ጂዳን» ካላችሁ ሥጋም እንቁላልም እንደማትፈልጉ ይገባቸዋል።

የማን ቤት እንደሆነ ሳያውቁ መግባት

ታፔላው ላንዡ ይላል። ባለቤቶቹ ግን ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር፣ በተለይ ከሁዋሎንግ የመጡ ሙስሊሞች ናቸው። ምግቡን ያስጀመረውም ማ ባውዚ የሚባል የሁዪ ሙስሊም እንደሆነ ይነገራል፤ በ1915 እ.ኤ.አ. ላንዡ ውስጥ። ስለዚህ አሳማ የለም። ቻይና አገር «ይሄ ምን ሥጋ ነው?» እያለ ለሚሳቀቅ ሐበሻ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። እርዱ ግን የሙስሊም ነው፤ የሙስሊም ሥጋ የማይበላ ክርስቲያን ቀድሞ ይወቀው። ከሱቅ ቢራ ገዝቶ ይዞ መግባትም ነውር ነው። ሌላ ቦታ የተገዛ ምግብ ይዞ መግባትም እንደዚሁ።

የኑድሉን ውፍረት አለመምረጥ

ዝም ካላችሁ ቤቱ የለመደውን ይሠራላችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀጭኑን። ሰውየው ሊጡን አጥፎ ሲስበው 2 ክር ይሆናል፤ ደግሞ ሲያጥፈው 4፣ ከዚያ 8 እያለ ሰባተኛው ላይ 128 ይደርሳል። ውፍረቱን የሚወስነው የት ላይ እንደሚያቆም ነው፤ ስለዚህ ሊጡን ሳያነሳ ንገሩት። በጣም ቀጭኑ ማውሺ ነው፣ አርሺ ወፈር ይላል፣ ጅዩዬ ጠፍጣፋ ነው፣ ዳኳን የሚሉት ደግሞ እንደ ቀበቶ ሰፊ ነው። ሁሉም ቤት ሁሉንም አይሠራም፤ መጠየቅ ግን አይከፈልበትም። የእኔ ምርጫ አርሺ ነው። ማውሺ ለፎቶ ያምራል፣ ሁለት መልእክት እስክትመልሱ ግን መረቁን ጠጥቶ ያብጣል።

ወሬ ማስቀደም

ከላይ ካልነው ጋር ይሄዳል። እኛ ምግብ ቀርቦም ጨዋታ እንወዳለን። ላሚየን ግን አይጠብቅም። ሌላው ሰው እስኪመጣለት እየጠበቃችሁ የራሳችሁን አታበላሹ፤ እዚያ ቀድሞ የደረሰለት ቢጀምር ማንም አይቀየምም። ሲበሉ ድምፅ ማሰማትም ችግር የለውም፤ እንደውም ትኩሱን ለማቀዝቀዝ ይጠቅማል።

አንድ ሳህን ለሁለት ማዘዝ

አብሮ መብላት ከፈለጋችሁ መረቅ ያለውን ተዉትና ዳፓንጂ እዘዙ። ዶሮ ከድንችና ከቃሪያ ጋር የሚሠራበት ትልቅ ትሪ ነው። ለሦስት ለአራት ሰው ይበቃል። ዶሮው ሲያልቅ ስጎው ላይ ሰፋፊ ኑድል ይጨመርላችኋል። ጉርሻም ይመቻል፣ ቾፕስቲክ ለቻለ።

ሥጋው አነሰ ብሎ መጨቃጨቅ

ማንም አልሰረቃችሁም፤ ነገሩ ራሱ ኑድል ነው። ሥጋ ለሚፈልግ «ጃ ሮው» ነው፣ ኑድል መጨመር ለሚፈልግ «ጃ ሚየን»። ሁለቱም ሂሳብ አላቸው።

እንደ ሚጥሚጣ መነስነስ፣ አቼቶውን መዝለል

የበርበሬ ዘይቱ ከማቃጠሉ ይልቅ መዓዛው ይበልጣል፤ አብዝታችሁ ስትጨምሩ መረቁ ቅባት ብቻ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጥቁሩ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ አቼቶ ነው። መጀመሪያ መረቁን ብቻውን ቅመሱ፣ ግማሽ ከደረሳችሁ በኋላ ትንሽ ጠብ አድርጉበት።

ሂሳብ ላይ መንተባተብ

ብዙው ሰው የሚከፍለው ግድግዳው ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ በዊቻት ወይም በአሊፔይ አንብቦ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ ከሁለቱም ጋር ማያያዝ ቀሏል፤ ይህን ሆቴል ሳላችሁ ጨርሱት። ጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ግን በዚያ ሰዓት ለ100 ዩዋን መልስ ላይኖር ስለሚችል ዝርዝር ያዙ። ቲፕ አይጠበቅባችሁም። ሆቴል ወስዳችሁ ልትበሉ ከሆነ ደግሞ መረቁና ኑድሉ ለየብቻ እንዲታሸግላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት አሳስቡ።