የሞዴል ባቡር ሐዲድን በኤሌክትሪክ ከፋፍሎ ስለ መለየት

በሁለት ሐዲድ በሚሠራ የሞዴል ባቡር መስመር ላይ ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ሐዲድ መጥቶ፣ በሎኮሞቲቩ መንኮራኩሮችና ሞተር በኩል አልፎ፣ በሌላኛው ሐዲድ ይመለሳል። በብዛት በሚሠራበት ኤችኦ በተባለው 1፡87 መጠን፣ በተለመደው የዲሲ (የቀጥተኛ ጅረት) አሠራር፣ ሐዲዱ ላይ የሚደርሰው እስከ 12 ቮልት ገደማ ነው፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የቮልቴጁ መጠን፣ አቅጣጫውን የሚወስነው ደግሞ ፖዘቲቩ በየትኛው ሐዲድ ላይ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሎኮሞቲቮች ሁሉ አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይቆማሉ። አንዱን አቁሞ ሌላውን ለማስኬድ የሚፈልግ ሰው ሐዲዱን በኤሌክትሪክ መከፋፈል ግድ ይሆንበታል።

መጋዝ ከማንሣትዎ በፊት የመስመሩን ንድፍ በወረቀት ላይ ይሣሉና አንዱን ሐዲድ በቀይ፣ ሌላውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ይከተሉ። ቀዩ ከሰማያዊው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ካለ እዚያ ሾርት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሞተሩ ሳያልፍ ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው በቀጥታ የሚሻገርበት ግንኙነት፣ አለ ማለት ነው። ባቡር ቆሞ ለሚያድርበት ቅርንጫፍ መስመር አንዱን ሐዲድ ብቻ ቆርጦ የተቆረጠውን ክፍል በተራ ማብሪያ ማጥፊያ በኩል ማገናኘት ይበቃል። ክፍሉ ግን ሎኮሞቲቩን ሙሉ በሙሉ መያዝ አለበት፤ አንዲት መንኮራኩር እንኳ ከክፍተቱ ወዲያ ማዶ ከቀረች ከሌላው ክፍል ኃይል ስለምትቀበል ባቡሩ ማብሪያው ጠፍቶም ይንቀሳቀሳል።

ብዙዎችን የሚያስቸግረው ባቡሩ ዞሮ በመጣበት መስመር የሚመለስበት ቀለበት ነው። ከመስመር መቀየሪያው የወጣው ሐዲድ ዞሮ ወደዚያው መቀየሪያ ሲገባ የግራው ሐዲድ ከቀኙ ጋር ይጋጠማል። እዚህ ሁለቱም ሐዲዶች በቀለበቱ በሁለቱም ጫፍ፣ ማለትም በ4 ቦታ፣ መቆረጥ አለባቸው። በመግቢያውና በመውጫው ክፍተቶች መካከል ያለው ርዝመትም ከረጅሙ ባቡርዎ መብለጥ ይኖርበታል፤ ሎኮሞቲቩ መውጫውን ሲሻገር የኋለኛው ፉርጎ የብረት መንኮራኩር ገና መግቢያው ላይ ከሆነ ሾርቱ ተመልሶ ይመጣል። የፕላስቲክ መንኮራኩር ብቻ ያላቸው ፉርጎዎች ይህን ችግር አያመጡም፤ ሆኖም በዚህ ሥራ የተጠመደ ሰው ሌላ ፉርጎ መግዛቱ ስለማይቀር ለረጅሙ ማቀድ ይሻላል። (ከመሀል ሦስተኛ የኃይል መስመር ያላቸው ማርክሊን የተባለው አምራች ሐዲዶች ሁለቱ የጎን ሐዲዶቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆኑ ይህ ቀለበት ጨርሶ አያስቸግራቸውም።)

ለቀለበቱና ለዋናው መስመር ለየብቻ ፖዘቲቩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚገለብጥ አንድ አንድ ባለ 6 እግር ማብሪያ ያስፈልጋል። ከመቆጣጠሪያው የሚመጡት ሁለት ሽቦዎች ከመሀለኛዎቹ እግሮች ጋር ይያያዛሉ፤ ወደ ሐዲዱ የሚሄዱት ከአንዱ ጫፍ ሁለት እግሮች ይወጣሉ፤ ከእነዚሁ እግሮች ደግሞ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች በመስቀል ቅርጽ ተላልፈው ወደ ሌላኛው ጫፍ እግሮች ይሄዳሉ። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ቀለበቱ ውስጥ እንዳለ የመስመር መቀየሪያውንና የዋናውን መስመር ማብሪያ ይገለብጣሉ፤ የቀለበቱን ማብሪያ ግን አይነኩም፤ ባቡሩም ሳይቆም ይወጣል። ዲሲሲ በተባለው ዲጂታል አሠራር ግን የሎኮሞቲቩ አቅጣጫ በሐዲዱ ፖላሪቲ (ፖዘቲቩ በየትኛው ሐዲድ ላይ በመሆኑ) ስለማይወሰን ሾርቱን በቅጽበት አውቆ ቀለበቱን የሚገለብጥ ሞጁል ተገዝቶ ሊገጠም ይችላል።

አዲስ መስመር ሲዘረጋ ቀላሉ መንገድ በብረቱ ማያያዣ ምትክ የፕላስቲክ ማያያዣ ማስገባት ነው። የተዘረጋ ሐዲድ ሲቆረጥ ግን አስቀድሞ በሁለቱም በኩል በምስማር ወይም በሙጫ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጫፎቹ ተንሸራተው ባቡሩ እዚያው ይወድቃል። በኩርባ ላይ መቁረጥን በተቻለ መጠን ይተዉት፤ የታጠፈ ሐዲድ ሲቆረጥ ወደ ቀድሞ ቀጥታው ሊመለስ ይሞክራል። በሚሽከረከር ቀጭን የመቁረጫ ዲስክ ሲጠቀሙ ዲስኩን ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ መነጽርም ያድርጉ፤ ዲስኩ ዘንበል ሲል ተሰብሮ ይፈናጠራልና።

አንድ ሚሊሜትር የማይሞላው ክፍተት ባዶውን መተው የለበትም። ሙቀት ሐዲዱን ሲያስረዝም፣ ወይም ከሥሩ ያለው ጣውላ ደርቆ ሲኮማተር፣ ጫፎቹ ይገናኙና ትናንት የሠራው መስመር ዛሬ ሾርት ያደርጋል። ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ በሱፐር ግሉ ይለጥፉበት፤ ሲደርቅ በሐዲዱ ቅርጽ በትንሽ ሞረድ ይሞርዱት፤ በተለይ የመንኮራኩሩ ከንፈር የሚያልፍበትን የውስጥ ጎን በጣት እየዳሰሱ ያለስልሱት። የኃይል ሽቦ ሲበይዱም ከብየዳው ግራና ቀኝ እርጥብ ጨርቅ ማኖር ሐዲዱ የተቀመጠባቸው የፕላስቲክ አግዳሚዎች እንዳይቀልጡ ይረዳል።

ፍተሻው የሚካሄደው በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያ፣ ነው። መቆጣጠሪያውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ሎኮሞቲቮቹንና መብራት ያላቸውን ፉርጎዎች ከሐዲዱ ያንሱ፤ በሞተራቸውና በአምፖላቸው በኩል ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ ንባቡን ያሳስታሉና። ማብሪያዎቹን ሁሉ አጥፍተው መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጥበት ቦታ ላይ ያድርጉ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ክፍተት ሁለት ጫፍ ላይ መንኪያዎቹን ያሳርፉ። ከጮኸ በዚያ ክፍተት ወይም በሌላ መንገድ ግንኙነት አለ፤ ይህም ብዙ ጊዜ የተረሳ የብረት ማያያዣ ወይም በክፍተቱ ውስጥ የቀረ የብረት ብናኝ ሆኖ ይገኛል።