ጉድጓድ ከመታችሁ በኋላ ጎማ ስትገዙ፦ መጀመሪያ ቸርኬውን እዩት

ክረምት ሲገባ የጎሚስታ ቤት ሥራ መልኩን ይቀይራል። በበጋ የሚበዛው ሚስማር ነው። ክረምት ላይ ግን ውሃ የሞላ ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል፣ በጎርፍ የተሸፈነ የመንገድ ጠርዝ የመታ ሰው ነው በራችን ላይ የሚሰለፈው። ሳሪስ አካባቢ፣ አባቴ ጎሚስታ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት። ዛሬም ውሎዬ እዚያው ነው። የሚመጣው ሰው ገና ከመኪናው ሳይወርድ "ምን ዓይነት ጎማ ልግዛ?" ይለኛል። እኔ ደግሞ "ቆይ፣ መጀመሪያ ቸርኬውን እንየው" እላለሁ። ቸርኬ ማለት ጎማው የሚለብስበት የብረት ወይም የአሉሚኒየም ክብ ነው።

የታጠፈ ቸርኬ ላይ አዲስ ጎማ ማስገባት ብር ማባከን ነው። አየሩ ሌሊት ሌሊት ይወርዳል። ፍጥነት ሲጨመር መሪው ይንቀጠቀጣል። የጎማው ጥርስም እዚህ ተበልቶ እዚያ ይተርፋል። ከዚያ "ቻይና ስለሆነ ነው" ተብሎ ጎማው ይወቀሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጎማው ጥፋት የለበትም።

ነገሩ የሚጀምረው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ጎማው ከተነፈሰ አትንዱት። ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) ቀይሩ፣ ካልሆነም ጎሚስታ ጥሩ። "እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ብቻ" ብሎ በተነፈሰ ጎማ የሚመጣ ሰው፣ በፓች ይድን የነበረውን ጎማ መንገድ ላይ ጨርሶት ይመጣል። ይህን የምናውቀው ጎማው ከቸርኬው ሲወልቅ ነው። ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱት። እንደ ተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ፣ የጎማው ጎን ከውስጥ ተፈጭቷል ማለት ነው። ከውጭ ደህና ቢመስልም ያ ጎማ አብቅቶለታል። አየር ተሞልቶ በፍጥነት ሲሄድ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ወደ ቸርኬው። ቆሞ በዓይን ማየት አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚታጠፈው በውስጥ በኩል ያለው ጠርዝ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚታየው ምንም ሳይሆን ይቀራል። ቸርኬው የጎማ ክብደት በሚስተካከልበት ባላንስ ማሽን ላይ ይታሰርና ይሽከርከር። ጎሚስታው ካቻቢቴ ወይም ሌላ ቀጥ ያለ ነገር ጠርዙን ሳይነካው አጠገቡ አድርጎ ይያዝ። ቸርኬው ሲዞር ክፍተቱ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ካለ ታጥፏል። ወደ ጎን የሚወላገድ አለ፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘልም አለ። ሁለቱንም ተመልከቱ። ባላንስ ሠሪው ጠርዙ ላይ የሚለጠፉትን የእርሳስ ክብደቶች በላይ በላዩ እየደረደረ "አሁን ዜሮ መጣ" ቢላችሁ አትቀበሉት። እርሳስ ክብደትን ያስተካክላል እንጂ የተወላገደ ቸርኬን አያቃናም።

የብረት ቸርኬ ትንሽ ከታጠፈ ይቃናል። የአሉሚኒየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። ሲመታ ከብረቱ ይልቅ የመሰንጠቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ስንጥቁም ፀጉር ያህል ሊቀጥን ይችላል። በደንብ አጥባችሁ፣ አየር ሞልታችሁ፣ የሳሙና ውሃ አፍስሱበት። ትናንሽ አረፋዎች ተሰልፈው ከወጡ ስንጥቅ አለ። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ በብየዳ የሚደፍኑ ባለሙያዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ብየዳው አየር ያቆም ይሆናል፤ ግን ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን አሉሚኒየም ያደክመዋል። ቀጣዩን ጉድጓድ ሲመታ ምን እንደሚሆን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ስንጥቁ ወደ ብሎኖቹ ወይም ወደ ቸርኬው ክንዶች ከተጠጋማ ጭራሽ አታስቡት።

ቸርኬ መቀየር ግድ ከሆነ፣ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመኪና መለዋወጫ ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። "የኮሮላ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም። የቆዩት ኮሮላዎች 4 ብሎን ናቸው። ከዚያ በኋላ ከመጡት ባለ 5 ብሎኖች ውስጥ ብሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 100 ሚሊሜትር የሆነም አለ፣ 114.3 የሆነም አለ። በዓይን ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። የመሃሉ ቀዳዳ ስፋትና ቸርኬው ወደ ውስጥ የሚገባበት ልክም መመሳሰል አለባቸው። አለዚያ ጎማው ከውስጥ ሾኩን፣ ከውጭ መከላከያውን ይነካል።

ቸርኬው ደህና ከሆነ ወይም ከተቀየረ በኋላ ነው ወደ ጎማው የምንመጣው። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ውይይት የለም። እብጠቱ ማለት ጎማውን አቅፈው የያዙት ክሮች ውስጥ ለውስጥ ተበጥሰዋል ማለት ነው። አየሩን የያዘው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ክር ደግሞ በፓች አይቀጠልም። አንዲት ደንበኛችን "እብጠቷ ትንሽ ናት፣ ሐዋሳ ደርሼ ልመለስባት" አለችኝ። "እህቴ፣ ከተማ ውስጥም አትሂጂበት" ብዬ ስኮርታዋን አሰርኩላት። በፈጣን መንገድ ላይ፣ በቀትር ሙቀት፣ ልጆች ከኋላ ጭኖ እንዲህ ያለ ጎማ ላይ መሄድ በነፍስ መጫወት ነው። ሌላም ነገር አለ። እብጠት በተመታበት ቀን ላይታይ ይችላል። ከሳምንት በኋላ ጎማውን ደግማችሁ እዩት፤ በተለይ የውስጡን ጎን።

ፓች የሚሠራው መንገድ የሚረግጠው ፊት ላይ ለተወጋ ነው፤ ቀዳዳውም ከ6 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይጠገንም።

ወደ ግዢ ስትሄዱ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። በሾፌሩ በር በኩል፣ በሩ የሚዘጋበት ቋሚ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ የጎማው ልክና የአየሩ መጠን እዚያ ተጽፏል። ብዙ ኮሮላዎች ላይ የምታገኙትን 195/65 R15 91H እንውሰድ። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ነው፤ የስፋቱ 65 በመቶ ማለት ነው። 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 91 አንዱ ጎማ የሚሸከመውን ክብደት ያሳያል፤ 615 ኪሎ። H ደግሞ እስከ 210 ኪሎሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ሻጩ "65ቱ የለም፣ 60 ውሰድ፣ ያው ነው" የሚለው። ያው አይደለም። የ195/65 R15 ሙሉ ቁመት ወደ 634 ሚሊሜትር ይደርሳል። የ195/60 R15 ግን 615 ነው። በ3 በመቶ ያህል ያንሳል። መኪናዋ ወደ 1 ሴንቲሜትር ትወርዳለች፤ ጉድጓድ ስትመታም ቸርኬውን የሚጠብቀው የጎማ ጎን አጥሯል ማለት ነው። ለእኛ መንገድ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ደግሞ ያ ጎን ነው። ስለዚህ ለማማር ብላችሁ አጭር ጎን ያለው ጎማና ትልቅ ቸርኬ አታስገቡ። ቸርኬያቸው ተጎድቶ ከሚመጡልን መኪኖች ውስጥ እነዚህ ብዙ ናቸው። አንዱን ጎማ ብቻ በሌላ ልክ መቀየርማ የባሰ ነው። በአንድ አክስል ላይ (የፊት ሁለቱ ወይም የኋላ ሁለቱ ማለት ነው) አንዱ ጎማ ፈጥኖ ሌላው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው) ያለውም መኪና ሊደናገር ይችላል።

ሚኒባስ ያላችሁ ከልኩ ኋላ C የምትል ፊደል መኖሯን አረጋግጡ። ለጭነት የተሠራ ጎማ ማለት ናት። የቤት መኪና ጎማ ለሃይሩፍ ሚኒባስ አይሆንም፣ ልኩ ቢገጥምም።

ቀጥሎ የምለውን እባካችሁ ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። ጎማው ጎን ላይ DOT ከሚሉት ፊደሎች ጀምሮ የተጻፈ ረጅም ኮድ አለ። መጨረሻው ላይ 4 አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ 2 ዓመቱን ይነግሯችኋል። 2318 ከሆነ በ2018 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ ተመርቷል። ግን ይህ 2018 የፈረንጅ ነው። በእኛ ገና 2010 ነበር። ደንበኛው "18" የሚለውን አይቶ የዘንድሮ ጎማ ገዛሁ ብሎ ደስ እያለው ይመጣል። ሻጩም ዝም ይላል። ከ7 ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጎማ ነው እንግዲህ። ስለዚህ መጀመሪያ ከፈረንጅ አቆጣጠር ጋር አስሉት። ኮዱ በአንደኛው ጎን ብቻ ሙሉ ሆኖ ስለሚጻፍ፣ ካላያችሁት ጎማውን ገልብጡት። "ተፍቋል" ከተባላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

እኔ ከተመረተ 3 ዓመት ያለፈውን እንደ አዲስ ዋጋ ከፍዬ አልወስድም። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል። ብዙ አምራቾች 10 ዓመት የሞላው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳን እንዲወገድ ይመክራሉ። ያው ሕግ ስኮርታችሁንም ይመለከታል። ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ የኖረውን ጎማ ዛሬ ኮዱን እዩት።

ያገለገለ ጎማ ልግዛ ለሚል፦ አዲስ መግዛት ለብዙ ሰው ከባድ ወጪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ "በጭራሽ አትግዙ" አልልም። ግን ከገዛችሁ ቸርኬ ላይ የታሰረ አትግዙ። ተፈትቶ ውስጡን እዩ። ፓች ብዛት፣ የተጨማደደ ጎን፣ ቅድም ያልኩት ጥቁር ዱቄት፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። በጥቁር ቀለም የተወለወለውን በእርጥብ ጨርቅ አሹት፤ ከሥሩ ስንጥቅ ሊወጣ ይችላል። ጥርስ የተቆረጠለት ጎማም አለ፤ ሙልጭ ያለውን በጋለ ብረት እንደገና ቀደው አዲስ ያስመስሉታል። የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ በእያንዳንዱ ጎማ ጥርሶች መካከል፣ በቦዩ ውስጥ፣ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ 1.6 ሚሊሜትር ሲቀረው ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ይሆናል። ጉብታዎቹ ተቆርጠው ከሌሉ ወይም ጥርሱ ከጉብታው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ ቦዩ ጠልቆ ከታየ፣ የቤት መኪና ጎማ ከሆነ ተዉት።

ስንት ልግዛ? አንዱ ተጎድቶ ጓደኛው ገና አዲስ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ስም፣ ተመሳሳይ ልክና ተመሳሳይ ጥርስ ያለው 1 ይበቃል። ጓደኛው ግማሽ ያህል ከተበላ 2 ግዙና በአንድ አክስል ላይ አድርጉ። አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። በዚህ ጉዳይ ከደንበኛ ጋር የማልከራከርበት ጊዜ የለም። "የሚጎትተው የፊቱ ነው እኮ" ይሉኛል። እውነት ነው። ግን በእርጥብ አስፋልት ላይ ፊቱ ሲንሸራተት እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ መኪናው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው ይዞራል፤ ያን የሚመልስ ሾፌር ጥቂት ነው። ሁልጊዜ በ4 ጎማ የሚነዱ፣ እንደ አንዳንድ ራቭ ፎሮች ያሉ መኪኖች ደግሞ አራቱም ጎማ ተቀራራቢ ጥርስ እንዲኖራቸው ይፈልጋሉ። ያን ከመኪናው መጽሐፍ አረጋግጡ።

ስለ ስም ብዙ አልናገርም። ሚሼሊን፣ ብሪጅስቶን ጥሩ ናቸው፤ አቅም ካለ ይገዙ። የአገራችን ሆራይዘን አዲስ፣ ድሮ ማታዶር አዲስ የምንለው፣ ከተገኘም ይታያል። ደህና የቻይና ጎማም አለ። እኔ ግን ያረጀ ታዋቂ ጎማና በቅርብ የተመረተ መካከለኛ ጎማ ቢቀርብልኝ፣ ሁለተኛውን ነው የምወስደው።

ሲገጠም አዲስ ቫልቭ ይግባበት፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ብዙ። ባላንስ ግዴታ ነው። አላይመንትም (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) እንዲሁ፤ ቸርኬ የሚያጣምም ምት የመሪውን ዘንግና ሾኩንም ሊነካ ይችላል። ኩሽኔታውንም (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) አስፈትሹ፤ ጎማውን ይዘው ሲነቀንቁት መወዛወዝ የለበትም። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ከአሉሚኒየም ወደ ብረት ቸርኬ ከቀየራችሁ ብሎኖቹንም ጠይቁ። በብዙ ቶዮታዎች የአሉሚኒየሙ ብሎን ሥሩ ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ነው፤ የብረቱ ሾጣጣ ነው። የአንዱ ለሌላው በደንብ አይቀመጥም፣ ይላላል። ጎሚስታውም ተራ በተራ በዙሪያ ሳይሆን ትይዩ ትይዩውን እያቀያየረ ያጥብቅ። በአየር መሣሪያ ብቻ ጨርሶ እንዳይሰጣችሁ፤ የመጨረሻው በእጅ፣ ቢቻል የሚጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ ይሁን። ለብዙ የቶዮታ የቤት መኪኖች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ አስጠብቁት። እኛ ጋ ለዚህ ገንዘብ አንጠይቅም፤ ሌላም ቦታ ቢሆን ደፍራችሁ ጠይቁ።