ውጭ ሆናችሁ የሱቃችሁን ተከራይ ማስለቀቅ ስትፈልጉ

አገር ቤት ሱቅ ወይም መጋዘን አከራይታችሁ ውጭ የምትኖሩ፣ በብዛት የምትጠይቁት «ውሉ አልቋል፤ ለምን አይወጣልኝም?» የሚለውን ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ፣ ውሉ ሲያልቅ ዝም ስላላችሁ ነው።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ኪራይ ጊዜው ሲደርስ ያበቃል። ግን ተከራዩ እዚያው ከቆየ፣ አከራዩም እያወቀ ካልተቃወመ፣ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደታደሰ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ «የውል ዘመኑ አልፏል» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ውሉን ማቋረጥ እንደምትፈልጉ እንደገና ማስታወቅ አለባችሁ።

ስለዚህ ማብቂያው ከመድረሱ ወራት ቀደም ብላችሁ፣ ውሉን እንደማታድሱ የሚገልጽ ደብዳቤ ይድረሰው። ቀኑን ስታሰሉ ተጠንቀቁ። ውሉ ላይ 30/10/2018 የሚል ካለ ኦክቶበር አይደለም። ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጆቹ ጁላይ 7፣ 2026። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትሞሉ ይህን ማምታታት ቀላል ነው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ተከራዩም በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ በምስክር ፊት ይሰጠው ወይም በአደራ ፖስታ ይላክለት። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የተጻጻፋችሁትን አስቀምጡ፤ ግን በዚያ ብቻ አትተማመኑ።

ሌላው ማጥመጃ ኪራዩ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ተከራዩ እንደለመደው በየወሩ ባንክ ማስገባቱን ይቀጥላል፤ እናንተም ዝም ትላላችሁ። በኋላ «ኪራይ ተቀብለውኛል፤ ታድሶልኛል» ይላል። ገንዘቡን የምትወስዱት ሳይለቅ ለቆየበት ጊዜ ካሳ እንጂ በእድሳት እንዳልሆነ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁት።

ኪራይ አልከፍልም ካለስ? የሕጉ አንቀጽ 2952 መንገዱን ያሳያል። ውሉ ለአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ ካልሆነ 15 ቀን ጊዜ ሰጥታችሁ፣ በዚያ ውስጥ ካልከፈለ ውሉ እንደሚቋረጥ ታስጠነቅቁታላችሁ። ቀኑ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ከደረሰው ጊዜ ጀምሮ ነው። ውላችሁ ላይ «አንድ ወር ካልከፈለ ወዲያውኑ ይወጣል» ብላችሁ ብትጽፉም፣ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ስምምነት ዋጋ የለውም። ደላላ የጻፈው ውል ላይ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር አይጠፋም።

አሁን ወደ ውክልናው። ነገር የሚበላሸው በብዛት እዚህ ነው። «ወንድሜ ጠቅላላ ውክልና አለው» ትላላችሁ። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የአስተዳደር ሥራ የመሥራት ሥልጣን ብቻ ነው፦ ዕዳ መሰብሰብ፣ ንብረት መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት (አንቀጽ 2204)። መክሰስ፣ ተከሶ መከራከር፣ መታረቅ ግን ልዩ ውክልና ይፈልጋሉ (አንቀጽ 2205)። ስለዚህ ወንድማችሁ ኪራይ ሲሰበስብ ኖሮ ፍርድ ቤት ሲደርስ በር ላይ ሊመለስ ይችላል። ውክልናው ላይ ስለ ቤቱ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ውል እንዲያቋርጥ፣ እንዲከስ፣ እንዲከራከር፣ ይግባኝ እንዲል፣ እንዲያስፈጽም፣ ጠበቃ እንዲወክል፣ ርክክብ እንዲፈጽም በግልጽ ይጻፍ። የመሸጥ ሥልጣን ግን ለዚህ ሥራ አያስፈልግም፤ «ምናልባት ቢያስፈልግ» ብላችሁ አትጨምሩት። ንብረቱ የባልና ሚስት ከሆነ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ውክልናውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዶ መፈረም ይሻላል። የምትኖሩበት አገር ኖታሪ ፊት ከፈረማችሁ፣ የዚያ አገር ባለሥልጣን ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ሚሲዮን፣ ከዚያም አዲስ አበባ ያለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ቀጥሎ ተወካዩ ውልና ማስረጃ ያስመዘግበዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል፤ ጠብ ሳይነሳ በፊት ጀምሩት።

ተከራዩ አልወጣም ካለ አጎታችሁን ልካችሁ ቁልፍ አታስቀይሩ፣ መብራትም አታስቆርጡ። ሲናደዱ ይህ መጀመሪያ የሚመጣ ሐሳብ ነው። ያኔ ተከራዩ በአንቀጽ 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስ (ይዞታዬ ተነካብኝ የሚል) ይዞ ይመጣል፣ ካሳም ይጠይቃል። እናንተ ከሳሽ መሆን ሲገባችሁ ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ትክክለኛው መንገድ ቤቱ ባለበት ቦታ ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት «ይልቀቅልኝ» ብሎ መክሰስና ያልተከፈለውን ኪራይ በዚያው መጠየቅ ነው። ከተፈረደላችሁም በኋላ ይግባኝና እግድ ሊከተል ይችላል፤ በፈቃዱ ካልለቀቀ ደግሞ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ለዚህ ጠበቃ ያዙ። ዘመድ ይበቃል የምትሉ ከሆነ ትንሽ አስቡበት።

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ብቻ ነው። ይህን አዋጅ ጠቅሶ «ለሁለት ዓመት የማስወጣት መብት የላችሁም» የሚል የሱቅ ተከራይ ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። የንግድ ቤት በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውላችሁ ይመራል።

ለገቢዎች አንድ፣ ለራሳችሁ ሌላ ውል የጻፋችሁ ካላችሁ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚያስቸግራችሁ ራሳችሁ የፈረማችሁት ወረቀት ነው። ዝቅተኛው ኪራይ የሰፈረበትን ይዞ የሚቀርበው ተከራዩ ነውና።

ሲወጣ ቁልፍ ብቻ ተቀብሎ መሸኘት አይበቃም። ተወካያችሁ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ያንሳ፣ ያልተከፈለ ቢል እንዳለ ያጣራ፣ ጉዳት ካለ ፎቶ ያንሳ። በርክክብ ሰነዱ ላይ ሁለቱም ከፈረሙ በኋላ ነው ማስያዣው የሚመለሰው።